የምርጫ ክርክሩን ያላየው ሰው

አንድ ቀን፣ ለምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ኩታቸውን አጣፍተው፣ ላብ ያጠመቀውን አንድ ወጣት መሀላቸው አቁመው የመምህር አንለይን የግቢ በር አንኳኩ። ወጣቱ ይበልጣል ይባላል። የመብራት መስመር ሠራተኛ ነው። አሥር ሜትር ምሰሶ ላይ በአንድ ቀበቶ ተንጠልጥሎ እያፏጨ የሚሠራ ልጅ፣ የዚያን ዕለት መሬት ላይ ቆሞ የአንዱን ሽማግሌ ኩታ ጨብጦ ያዘ።

ቢይዝም አይፈረድበትም። የሚፈርድበት መምህር አንለይን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

መምህር አንለይ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጡት ግን ከትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ከማስተማሩ አይደለም። የምርጫ ሰሞን ሲመጣማ ጭራሽ ይብስባቸዋል። የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥን በሚተላለፍበት ምሽት እሳቸው ቤት የሚያስነጥስ ሰው የለም። ከረባታቸውን አስረው፣ ደብተራቸውን ዘርግተው፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ቴሌቪዥኑ ፊት ይሰየማሉ። ለእያንዳንዱ ተከራካሪ ከአሥር ማርክ ይሰጣሉ። ከርእስ የወጣ ሁለት ይቀነስበታል፤ የሌላውን ንግግር ያቋረጠ ሦስት። አንዱን ተከራካሪማ ዜሮ ሰጥተው ሲያበቁ ከጎኑ «ወላጅ ይዞ ይምጣ» ብለው ጽፈውበታል አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ፈተናው ወደ ሕዝቡ ይዞራል። ሉካንዳ ቤት ገብተው አንድ ኪሎ ሥጋ ከማዘዛቸው በፊት ባለሉካንዳውን «የትናንቱን አየኸው?» ይሉታል። አላየሁም ካለ ሥጋውም ይቆያል፣ ወረፋ የያዘውም ሰው ይቆያል፣ ትምህርቱ ይጀመራል።

«ክርክር ሳያይ የሚመርጥ ሰው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጥያቄውን ሳያነብ በደፈናው ‹ሐ›ን የሚያከብ ተማሪ ነው! ባለፈው ጊዜ አንድ ጎረቤቴ የማንኪያውን ምልክት መረጠ። ለምን ብዬ ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ቁርስ ሳልበላ ነበር የሄድኩት› አለኝ። በዚህ ዓይነት አገር ትቀናለች?»

ነገሩ እውነት ስለሆነ መልስ የሚሰጣቸው አልነበረም። መልስ ባይኖረውም እግር ያለው ሕዝብ ነውና ክርክር በተላለፈ ማግስት በመምህር ሰፈር የሚያልፍ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ በገበያው በኩል እየዞረ መሄድ ጀመረ።

እንግዲህ ይበልጣል የወደዳት ልጅ የእኚህ ሰው ልጅ ናት። ትርንጎ ትባላለች፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ምሰሶ ላይ ሆኖ ሲሠራ ፒንሳው ከእጁ አምልጦ ደጃፉ ላይ ወደቀ። እሷ ወጥታ አነሣችና ቀና ብላ «ይኼ በቀን ስንት ጊዜ ይዋጣል?» አለችው። እሱም ከላይ ሆኖ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ምሰሶ ብልሽት አላልቅ አለ፤ አለቃው ራሱ ገርሞት ነበር።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ተልከው ነበር። የልጁ አጎት አያ ፈንቴ፣ የደብሩ መሪጌታ ኅሩይ፣ ሦስተኛው ደግሞ አባ ጎሹ ናቸው። አባ ጎሹ ጆሯቸው በጣም ከባድ ነው፤ የተመረጡትም መልካቸው ግርማ ስላለው ነው። መምህር እንደ ወጉ «ከቤተሰብ ጋር እንመካከር» ብለው ሸኟቸው። በር ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ አላስችላቸው ብሎ፣

«ለመሆኑ ልጃችሁ ክርክሩን ይከታተላል?» ብለው ጠየቁ።

አያ ፈንቴ ደንግጠው አማተቡ። «ኧረ መምህር! ልጃችን ከማንም ጋር ክርክር የለውም! ፍርድ ቤት ደጅ እንኳ ረግጦ አያውቅም!»

መምህር ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ገለጡ። «በሚቀጥለው እሑድ ልጁን ይዛችሁት ኑ። ተወዳዳሪው ራሱ ቀርቦ ይጠየቅ» አሉ።

ወግ አይደለም። ሽማግሌ የሚላከው እኮ ልጁ እንዳይቀርብ ነው። ግን የልጅቱ አባት ናቸውና ማን ይከራከራቸዋል?

በሳምንቱ መሀል ትርንጎ ደወለችለት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«ይቤ፣ አባቴ ክርክሩን አይተሃል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቅህ። አይቻለሁ በለው፤ በቃ።»

«አላየሁማ።»

«አላየህም እኮ አውቃለሁ! አንዲት ውሸት ናት።»

«አንዲት ሆና አትቀርም። ‹አይቻለሁ› ካልኩ ‹ምን አየህ› ይመጣል። አባትሽ ፈታኝ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ድሮም ኩረጃ አልሆነልኝም።»

 «እኔ ካንተ ሌላ ሰው አላገባም» አለችው። «ግን አባቴን አስቀይሜ ከዚህ ቤት አልወጣም። እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።» ስልኩን ዘጋችው።

ይበልጣል ያን ሳምንት ምሰሶ ላይ ሲወጣ አላፏጨም።

እነሆ እሑድ ደረሰ። በሩን የከፈቱት መምህር ራሳቸው ናቸው፤ ከረባት አስረዋል። ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹ በሁለት ወገን ትይዩ ተደርድረዋል። መሀል ጠረጴዛ ላይ ያ ደብተርና ቀይ እስክሪብቶ አሉ፤ አጠገቡ ደግሞ ከግድግዳው የወረደ ትልቅ ሰዓት ቆሟል። ጓዳና ሳሎኑን የሚለየው መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው በስተኋላ የመምህር ባለቤት ወይዘሮ ጠጅቱና ትርንጎ እንዳሉ ከእግራቸው ኮቴ ይታወቃል።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው ቀሩ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ መምህር።

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ።

«መልካም። እንግዲያስ ሥነ ሥርዓቱን ላሳውቅ» አሉ መምህር፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ለመክፈቻ ንግግር ሦስት ደቂቃ። ከዚያ ጥያቄና መልስ። ማቋረጥ የለም፤ ማጨብጨብ የለም፤ የግለሰብ ስም ጠርቶ መናገር የለም።»

አያ ፈንቴ ወደ መሪጌታ ጠጋ ብለው «የልጅቱንስ ስም?» ብለው አንሾካሾኩ።

መሪጌታ ኅሩይ በዚህ ሥራ የተመሰገኑ ሰው ናቸው። አንድ ጋብቻ ለመጠየቅ ሲነሡ ከኦሪት ዘፍጥረት ነው የሚጀምሩት፤ እስከዛሬ የሰዓት ገደብ የጣለባቸው የለም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ እግዚአብሔር አዳምን ፈጥሮ ብቻውን ይኖር ዘንድ መልካም አይደለም እንዳለ ጀመሩ። ሔዋን ስትፈጠር አንደኛው ደቂቃ አለቀ። ኖኅ እንስሳቱን ጥንድ ጥንድ አድርጎ መርከብ እስኪያስገባ ሁለተኛው ሄደ። ከዚያ ወደ አብርሃም ተሻገሩ፤ አብርሃም ሎሌውን ጠርቶ፣ ለልጄ ሚስት ፈልግ ብሎ፣ ሎሌው ግመሎቹን ነድቶ፣ ከውኃው ጉድጓድ ዘንድ ደርሶ፣ ርብቃም እንስራዋን በትከሻዋ ተሸክማ...

«ደቂቃዎ አልቋል» አሉ መምህር።

መሪጌታ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ርብቃ እኮ ገና ውኃ አልቀዳችም!»

«አልቋል መሪጌታ።»

«ሴቲቱን እንስራ አሸክመን ጉድጓድ ዳር ጥለናት ልንቀመጥ ነው?»

«ለማጠቃለያ አሥር ሰከንድ ጨምሬያለሁ።»

«ልጅዎን ለልጃችን!» አሉ መሪጌታ በአንድ ትንፋሽ፣ ቁጭ አሉም። በዕድሜያቸው እንደዚያ ያጠረ ንግግር ተናግረው አያውቁም፤ ላባቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሁሉም ሲቀመጥ ያዩት አባ ጎሹ ፊታቸው በራ። «ፈቀዱ?» አሉ ጮክ ብለው።

«ገና ነው አባ ጎሹ!» አሏቸው አያ ፈንቴ በጆሯቸው።

መምህር ደብተራቸውን ገለጡ። «ወደ ጥያቄው ልግባ። ልጄን የምሰጠው ኃላፊነት ለሚሰማው ሰው ነው። ኃላፊነት ደግሞ ከቤት አይጀምርም፤ ከአገር ነው የሚጀምር። እስካሁን አራት የምርጫ ክርክሮች ተላልፈዋል...»

ይበልጣል ሊመልስ አፉን ሲከፍት አያ ፈንቴ ጉልበቱን ቆነጠጡትና ዘለው ገቡ። «አይተናል መምህር! ምን ነክቶዎት! እኛ ቤት ክርክር ሳይታይ ራት አይቀርብም!»

መምህር ቀስ ብለው ቀና አሉ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ኮራጅ የለዩ ዓይኖች ናቸው። «እርስዎም አይተዋል?»

«እኔማ ግንባር ቀደም ነኝ!»

«እሰየው። በሁለተኛው ክርክር ስለ ማዳበሪያ የተባለውን እንዴት አገኙት?»

«ግሩም ነበር! ልቤን ነው የነካው።»

«የትኛው ተከራካሪ ነው ልብዎን የነካው?»

አያ ፈንቴ ትንሽ አሰቡ። «ሁሉም» አሉ። «ለይቼ ማማት አልወድም።»

«በሁለተኛው ክርክር» አሉ መምህር፣ ገጹን ወደሳቸው አዙረው እያሳዩ፣ «ማዳበሪያ የሚባል ቃል አልተነሣም። ርእሱ ትምህርት ነበር።»

«አዎና!» አሉ አያ ፈንቴ። «ትምህርት ለአእምሮ ማዳበሪያው አይደል?»

መሪጌታ በኩታቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከመጋረጃው በስተኋላ የሆነ ሰው ሳቁን ውጦ አሳለ። መምህር ግን ፈገግም አላሉ፤ በቀይ እስክሪብቶ የሆነ ነገር ጻፉ። ይበልጣል አንገቱን ሰገግ አድርጎ ቢያይ ዜሮ ነው። 

«ልጁ ይመልስ» አሉ መምህር። «አራቱን ክርክሮች አይተሃል?»

ይበልጣል ተነሥቶ ቆመ። አጎቱ ቁና ቁና ሲተነፍሱ ይሰማዋል። ከመጋረጃው ሥር የትርንጎ ጫማ ጫፍ ይታየዋል፤ አይቻለሁ በል፣ አይቻለሁ በል የሚለው ይመስላል።

«አላየሁም መምህር።»

«ስንቱን?»

«አንዱንም።»

አያ ፈንቴ ግንባራቸውን ያዙ። አባ ጎሹ የሰዎቹ ፊት ሲለዋወጥ አይተው «ፈቀዱ?» አሉ።

«አንዱንም!» አሉ መምህር። «ምክንያት አለህ? አንድ በአንድ ተናገር። የመጀመሪያው ክርክር ዕለት የት ነበርክ?»

«ምሰሶ ላይ ነበርኩ። ነፋሱ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ መስመር ላይ ጥሎ መብራት ጠፍቶ ነበር። ያው የዚህ ሰፈር መስመር ነው።»

መምህር ብድግ አሉ። «አንተ ነህ ያበራኸው? የመክፈቻ ንግግሩ አምልጦኝ፣ ልክ ጥያቄና መልሱ ሲጀመር የመጣው መብራት?»

«እኔ ነኝ።»

መምህር ቀስ ብለው ተቀመጡ። በደብተራቸው ላይ ሲጽፉ እጃቸው ለስለስ ያለ መሰለ። «መልካም። ይኼ በቂ ምክንያት ነው። ሁለተኛውስ?»

እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። ሁለተኛውንም ምሰሶ ላይ ነበርኩ ቢል ማን ያየዋል? ሦስተኛውንም አራተኛውንም እዚያው ምሰሶ ላይ ማሳለፍ ይቻላል። ግን ምላሱ እሺ አላለውም።

«ሁለተኛውን እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«እንቅልፍ!»

«ጫማዬንም አላወለቅኩ።»

«ሦስተኛው?»

«ሦስተኛው ዕለት... በሌላው ጣቢያ ኳስ ነበር።»

«ኳስ!» መምህር እስክሪብቶውን ጣሉት። «አገር ስትከራከር አንተ ኳስ ታያለህ! ለመሆኑ አሸነፋችሁ?»

«ሦስት ለባዶ ተሸነፍን።»

«ይበልህ! አራተኛው?»

ይበልጣል ወደ መጋረጃው ሰረቅ አድርጎ አየ። «አራተኛውን ስልክ እያወራሁ ነበር።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ? ከማን ጋር ነው ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚወራው?»

ጓዳ ውስጥ አንድ ሰሐን ወድቆ እየተሽከረከረ ሄደ፤ እስኪቆም ድረስ ሁሉም አዳመጠው። መምህር መጋረጃውን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ መጋረጃውን መልሰው አዩ። ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ቢሆንም ሥነ ሥርዓት ሥነ ሥርዓት ነው፤ ከርእስ አልወጡም።

«እንግዲያውስ አትመርጥም ማለት ነው።»

«እንዴት አልመርጥም? ካርድ አውጥቻለሁ፤ ያውም ምዝገባው በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን።»

«ሳታይ ሳትሰማ ማንን ልትመርጥ? ማንኪያውን?»

«መምህር፣ አሁን የሚሉት እውነት ነው፣ በደፈናው መምረጥ ጥፋት ነው» አለ ይበልጣል። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ቢንቀጠቀጥም እየጸና ሄደ። «እኔ ግን በሥራዬ ሰፈር ለሰፈር ነው የምዞረው። ከኛ አካባቢ የሚወዳደሩት አምስት ናቸው፤ ጎረቤቶቻቸውን ጠይቄያለሁ። ሰው ሲቸገር ብቅ ይላል ወይ፣ እድር ላይ ይገኛል ወይ፣ ከመታጨቱ በፊት ሰላም ይል ነበር ወይ ብዬ ነው የጠየቅኩት። ሦስቱን ደግሞ ራሴ አግኝቼ አነጋግሬያቸዋለሁ። ያ ስለ መንገድ አሳምሮ ይናገራል የሚሉት ሰውዬ አለ አይደል...»

«እሱማ ግሩም ነው!» አሉ መምህር። «በመሠረተ ልማት ላይ እንደሱ የተናገረ የለም። ዘጠኝ ከአሥር ሰጥቼዋለሁ!»

«የጎረቤቶቹን መተላለፊያ አጥሮ ከግቢው ጋር ቀላቅሎታል። ሰፈርተኛው በቦይ ውስጥ ነው የሚሄደው። አሮጊቶች እየተደጋገፉ ሲሻገሩ ከምሰሶ ላይ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ። ይኼ በቴሌቪዥን አይታይም መምህር።»

መምህር ዘጠኟን ለአፍታ አፍጥጠው አዩአት። እስክሪብቶውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። አያ ፈንቴ ነፍሳቸው ተመለሰ፤ መሪጌታም «መልካም ተናገረ፣ መልካም ተናገረ» እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ።

ይበልጣልም ትንሽ ተነፈሰ፤ አለፈ መስሎት ነበር። መምህር ግን በክርክር እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ሚስታቸው እንደሚሉት ከሆነ በሬዲዮ ከሚናገር ሰው ጋር እንኳ ተከራክረው የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩ እሳቸው ናቸው፤ ጎረቤት ስለ ዝናብ ቢያወራ ይሞግታሉ፤ ወጥ ላይ ጨው በዛ አነሰ ብለው ከቁርስ እስከ ምሳ ነጥብ ሲያስመዘግቡ ይውላሉ። ተነሡ፣ ከረባታቸውን አጠበቁ፣ ጣታቸውን ቀስረው በመማሪያ ክፍል ድምፃቸው ለቀቁት።

«ቢሆንም! አንድ አጥር አይተህ አገር አትመዝንም። ሰው የሚታወቀው ፊት ለፊት ሲሟገት ነው! ሲጠየቅ እንዴት እንደሚመልስ፣ ሲነኩት እንዴት እንደሚቆጣ፣ ሲሸነፍ እንዴት እንደሚሆን በክርክር ነው የሚታይ! እኔ በመርህ ነው የምናገረው፤ ለቀበሌም ይሁን ለፓርላማ፣ ለትልቅም ይሁን ለትንሽ፣ ሲከራከር ያላዩትን ሰው መምረጥ ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው። መርህ ደግሞ ለማንም አይለወጥም! መልስ ካለህ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ። ከሌለህ ሽማግሌዎችህን ይዘህ በመጣህበት ተመለስ!»

 ይበልጣል መሬት መሬት አየ። ከመጋረጃው ሥር የነበረው የጫማ ጫፍ ወደ ኋላ ሲሸሽ ተመለከተ። ልጅቱ የሄደች መሰለው። እንግዲህ የሚጠፋው ከጠፋ ምን ይቀራል? ቀና አለና፣ በትሕትና፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ተማሪ ጠየቃቸው፦

«እትዬ ጠጅቱ እርስዎን የመረጡት ሲከራከሩ አይተው ነው?»

መምህር አፋቸውን ከፈቱ። «አዎ» እንዳይሉ፣ የተጋቡት በወላጅ ስምምነት ነው፤ መልክ ለመልክ እንኳ የተያዩት በሠርጉ ዕለት እንደሆነ አገር ያውቃል። «ሳታይ ነው» እንዳይሉ፣ የሠላሳ አራት ዓመት ሚስታቸውን በገዛ አፋቸው ኃላፊነት የጎደላቸው ሊያሰኟቸው ነው። አፋቸውን መልሰው ገጠሙት። ደግመው ከፈቱት። መሪጌታ ኅሩይ ጣሪያውን ያጠኑ ጀመር።

መልሱ የመጣው ከጓዳ ነው።

«ሳላይ ነው እንጂ!» የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ኋላ ፈነዳ። «አይቼማ ቢሆን ኖሮ!»

ከዚያ ሳቁ መጣ። ወይዘሮ ጠጅቱ መጋረጃውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ጎንበስ ቀና እያሉ ነው የሚስቁት። አያ ፈንቴ ተከተሉ፣ መሪጌታ ኩታቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱት፣ አልቻሉም፣ ተፉት። አባ ጎሹ ምን እንደተባለ ባይሰሙም ከሁሉም በላይ ሳቁ።

«ጠጅቱ!» አሉ መምህር። «ተራሽ አልደረሰም!»

«ተራዬንማ ሠላሳ አራት ዓመት ጠብቄ!» አሉ ወይዘሮ ጠጅቱ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ስማ አንለይ፣ አንተንም ሳላይ መርጬ አልተጸጸትኩም፤ ምንም ቢሆን ስትጮህ እንጂ ስትዋሽ አላየሁህም። ይኼም ልጅ በአራት ጥያቄ አራት ጊዜ ሊዋሽ ሲችል አልዋሸም። እኔ ድምፄን ለሱ ሰጥቻለሁ!»

«እኔም!» የሚል ቀጭን ድምፅ ከጓዳ ተከተለ።

ይበልጣል ያኔ ነው የተነፈሰው። መምህር ግን ሳቁ ሁሉ እስኪበርድ ቆመው ጠበቁ። ሚስታቸውን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ፣ በጣታቸው አንድ፣ ሁለት ብለው ቆጠሩ፤ የራሳቸው ድምፅ ብቻዋን ቀረች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያስተማሩት ትምህርት ነው፣ ወዴት ይሸሹታል? ከረባታቸውን ፈቱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ለልጁ እጃቸውን ዘረጉለትና፣

«ውጤቱን በጸጋ ተቀብያለሁ» አሉ።